ከእናቴ ደም ምን ተገኘ?

እናቴ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ማለት ትወድ ነበር። ያን ጊዜ፣ በአብዮቱ ዘመን፣ አዋሳ ውስጥ ለመጠርጠር ሰበብ መፈለግ አያሻም፤ ጎረምሳ የተባለ ሁሉ ለውትድርና ይታፈስ ነበር። ታላቅ ወንድሜን ታቦር ተራራ ግርጌ ባለችው ቤታችን ጓዳ፣ ከእህሉ ጆንያ ኋላ ደብቀን፣ ለጠየቀን ሁሉ «ዲላ አጎቱ ጋ ነው» እንል ነበር።

ቀበሌው ለቁስለኛ ወታደሮች ከየቤቱ አንድ ደም ለጋሽ ይቅረብ ሲል፣ እናቴ ማንም በራችንን ሳያንኳኳ ቀድማ ሄደች። ስትመለስ የሰጧትን ብስኩት ለወንድሜ አቀበለችው። ፊቷ ግን ጠቁሯል። ደሟን ከትልቁ ጠርሙስ ሌላ በትንሽ ብልቃጥ ለብቻ ቀድተው ነበር።

«ለቁስለኛው ያ ከበቃ፣ ይቺ ለማን ናት?» አለችኝ።

ሰፈሩም መልስ አላጣም። ለግንባር የሚሆን የልጅን ጉልበት ከእናቱ ደም ያነቡታል ተባለ። እኔም ስምንተኛ ክፍል ደርሼ እንኳ አመንኩ፤ ምን ይደረግ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰውዬ መጣ። ከአዲስ አበባ ነው የመጣሁት አለን። ቤታችንን ያሳየው ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጥበቃ ነበር።

«እትዬ፣ ደምዎ ውስጥ የቢጫ ወባ ምልክት አግኝተናል» አለ ሰውዬው፣ በትሕትና። «በቢንቢ የሚተላለፍ በሽታ ነው። ቆላ አገር ኖረው ያውቃሉ? ዓይንዎ ቢጫ ሆኖ ታመው ነበር?»

«ታምሜ አላውቅም።»

«ደምዎ ግን ታመዋል ይላል።»

«እንግዲያ እሱን ጠይቁት!»

ጥበቃው ሳቀ። ሰውዬው አልሳቀም። «ቤት ውስጥ ሌላ ማን አለ? በሽታው ከዚህ ከሐይቁ ቢንቢ ይሁን ከሌላ አገር ለማወቅ የቤተሰቡንም ደም ማየት አለብን።»

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። አላልኩሽም፣ ማለቷ ነበር።

«እኔና ይቺ ልጅ ብቻ ነን።»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ቀላል በሽታ አይደለም፤ ሰው ይገድላል!»

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። ወንድሜ ፀጉሩ የጆንያ ብናኝ ለብሶ ወጣ። «እናቴን ምን አገኛችሁባት? ልትሞት ነው?»

ሰውዬው ደነገጠ። «ኧረ የለም! የድሮ ነው። አንዴ ታመው ድነዋል ማለት ነው፤ ሁለተኛ አይዛቸውም።»

ይህን የሰማነው እኔና እናቴ ብቻ ነን። ጥበቃው ወንድሜን ከእግር እስከ ራሱ በዓይኑ ሲለካው፣ ወንድሜም ጠመንጃውን ሲያይ ነበር። በዚያው ይዞት ሄደ።

ባለጋውኑ ጥበቃውን ለምን ይዞ መጣ? ቤት እንዲያሳየው ነው ይላሉ። ይበሉ። እኔ እስከ ዛሬ አላመንኩም።

ወንድሜ ከግንባር አልተመለሰም። እናቴ ስታረጅ፣ ሕመም ሲሰማት እያየሁ «አመመሽ እንዴ?» ስላት፣ ወደ ጓዳው መጋረጃ እያየች አፌን በእጇ ትከድነዋለች።

«ቀስ በይ፤ ወንድምሽ ይሰማል።»