የአባቴ ስድስት ጎራሽ

ትናንት፣ የአባቴ ተዝካር ላይ... ዳሱ ውስጥ ጠላ እየተቀዳ ወንዶቹ ሽጉጥ ማወዳደር ጀመሩ።

ሁሌም እንደዚሁ ነው። የኛ አገር ወንድ ሁለት ጣሳ ከጠጣ ወይ ስለ ፈረሱ ያወራል፣ ወይ ወገቡን ይፈታል። የማን ስንት ይጎርሳል፣ የማን ጥይት እየነከሰ ይቆማል፣ የማን እጀታ ያምራል... የሞተው ሰውዬ ተረስቶ ቀረ።

ደረሰ የሚባለው የአጎቴ ልጅ አዲሱን ባለ ካዝና ሽጉጡን አግዳሚው ላይ አስቀመጠና «እስቲ ደሞ የአጎቴን አምጧትና እንያት» አለ።

ከነጠላዬ ስር ከወገቤ ፈታኋት። «ታጥቃ ኖሯል!» አለ አንዱ። ምን ላድርግ? ሳጥን ውስጥ ባስቀምጣት ሳይመሽ ሰው እንደሚወስዳት አውቃለሁ። ጥይቶቿን አራግፌ ሰጠሁት።

ለማታውቋት ልንገራችሁ። አሮጌ ስድስት ጎራሽ ናት። ካዝና የላትም፣ ጥይቱ የሚገባው መሀሏ ላይ በሚዞረው ክብ ብረት ውስጥ ነው። አንድ ጸባይ አላት፤ ከኋላዋ ያለችውን መዶሻ በአውራ ጣት ወደ ኋላ ካልሳቡላት፣ ምላጯን ሲጎትቱ ቢውሉ አትተኩስም። ለእያንዳንዱ ጥይት እንደገና መሳብ ነው። አባቴ የጫካ ጠባቂ ነበር፣ ዕድሜውን ሙሉ የታጠቀው እሷን ነው። ለምን አትቀይራትም ሲሉት «ከመተኮሴ በፊት ታሳስበኛለች» ይል ነበር።

ደረሰ ወደ መሬት አድርጎ ምላጯን ጎተተ። ምንም የለም። ደግሞ ጎተተ።

«ሞታለች» አለ እየሳቀ። ከዚያ እጀታዋን አገላበጠው። እጀታው ከበሬ ቀንድ የተሠራ ነው፤ ለጣት ማረፊያ አራት ጎድጓዳ ቦታ አለው፣ የታችኛው ወደ ጎን ይታጠፋል። «ይኸን የሠራው ሰውየ ሰክሮ ነበር መሰል። ጠማማ አደለም እንዴ?»

ሳቁ። 

አባቱ ጋሸ አለሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያም ሆነ ይህ የወንድሜ ናት። ድንገት ነው የሄደብን፣ ሳይናዘዝ ነው የሞተ። ወንድ ልጅም የለው። ደረሰ ይያዛት።»

«ሞታለች ያላትን ምን ያደርግባታል?» አልኩ።

ደረሰ ራሱ መለሰልኝ። «ይኸን ጠማማ ቀንድ አስነቅየ እንጨት አስገባባታለሁ። መዶሻዋም ያለ ልክ ረዝሟል፣ አስቆርጠዋለሁ። አንች ምን ትሠሪባታለሽ? የሴት እቃ አደለም።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብትጠፋ ይሻለኝ ነበር። ስንት ዘመን ሲንቃት ኖሮ አሁን ቆራርጦ የራሱ ሊያደርጋት...

ከሽማግሌዎቹ መሀል አያ ታረቀኝ ተቀምጠዋል። የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፣ እሳቸው ያሉት ይጸናል። ወደኔ ዞረው «አንችስ ምን ትያለሽ ልጀ?» አሉኝ።

«አያ፣ መጀመሪያ ደረሰ በደንብ ይጨብጣት። እርስዎ እጁን ይዩልኝ» አልኳቸው።

ጨበጣት። ጣቶቹ ጎድጓዳዎቹን ስተው ጉብታው ላይ ተቀመጡ። ትንሿ ጣቱ የምትይዘው አጥታ ውጭ ቀረች። ቢያስተካክል ቢያስተካክል እምቢ አለችው።

«አሁን ለኔ ስጠኝ።»

የቀኝ እጄ ትንሿ ጣት ጠማማ ናት። ልጅ እያለሁ የጋሪ ፈረስ ረግጧት ታጥፋ ቀረች፤ ትምህርት ቤት በሷ ያልወጣልኝ ስም የለም። ያቺ ጣቴ ሄዳ እዚያ ጠማማ ቦታ ላይ ተኛች። አውራ ጣቴም ያለ ልክ የረዘመውን መዶሻ ሳትንጠራራ ደረሰችበት። ወደ ኋላ ሳብኩት... ቀጭ አለ። ዳሱ ውስጥ ያልሰማ የለም። ቀስ ብዬ መልሼ አወረድኩት።

ባለፈው ዓመት አባቴ በጋሪ ጭኖ ዳንግላ ወስዶኝ ነበር፣ የቀንድ ዋንጫ የሚሠሩ ሰውዬ ጋር። ሰውዬው የሞቀ ሰም እጄ ላይ አደረጉና «ጨብጪ» አሉኝ። ጨበጥኩ። የጣቶቼን ቅርጽ እያዩ ነው እጀታውን የጠረቡት። መዶሻዋንም አባቴ እዚያው ገበያ ብረት ሠሪ ዘንድ አስረዘመው። ስንመለስ «ለምን በኔ እጅ?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ለሌላ እጅ እንዳትመች» ብሎ ወሬ ቀየረ። የሽማግሌ ቀልድ መስሎኝ ስቄ ዝም አልኩ።

አያ ታረቀኝ እጄን ከነሽጉጡ ይዘው ወደ ብርሃኑ አስጠጉት። ጣቴን አዩ፣ ቀንዱን አዩ፣ ደግመው ጣቴን አዩ። ከዚያ አጠገባቸው ላለው ሰውዬ በአገውኛ አንድ ነገር አሉት። እኔም አገውኛ አላጣም...

«ለካስ ሰውየው ተናዝዟል» ነው ያሉት።

እዚያው ዳሱ መሀል ቆሜ አለቀስኩ። ሽጉጡን ግን አልለቀቅኩም።

ጋሸ አለሙ አልተዋጠላቸውም። «እንዲህ ታጥቀሽ ማን ሊያገባሽ ነው?» አሉኝ።

«የሚፈራው ይቅርብኝ ጋሸ» ብዬ መልሼ ታጠቅኳት። ደረሰ ባለ ካዝናውን ይዞ ወደ ጠላው ተመለሰ።

ይኸን የምጽፍላችሁ ወደ እንጅባራ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ነው፣ ኔትወርክ አሁን ገና መጣ። ሰኞ የሽጉጧን ፈቃድ በስሜ ለማዞር ወረዳ እሄዳለሁ። «ወንድም የለሽም ወይ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ... ትንሿን ጣቴን አሳያቸዋለሁ።