በሰው ሣጥን የተሸጠ ጭልፋ

አርቪድ ሁስታድ ሰው ላይ ጮኾ አያውቅም ነበር። ከእኔ ጋር በአንድ አጥር ነው የምንለያየው። ዕድሜውን የጨረሰው በዱሉት ከተማ ውሃ መሥሪያ ቤት የቧንቧ ንድፍ ሲሠራ ነው፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ጎረቤት በረዶ ሲጠርግ ካየ አካፋውን ይዞ ይመጣና ሳይናገር አብሮ ጠርጎ ይሄዳል። ይህ ሰው አንድ ቀን በሕዝብ መሀል ድምፁን ከፍ አድርጎ ጮኸ። አጠገቡ ቆሜ ነበር። ያን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ በእሱ አይደለም፣ ለጩኸት ባበቃው ሰው ነው እንጂ።

ነገሩ የተጀመረው በሚስቱ በቬርና ነው። ቬርና ልጆችን ፒያኖ ታስተምራለች፣ የቤተ ክርስቲያኑንም መዘምራን ትመራለች። ኮምፒውተር እቤት መግባት በጀመረበት በዚያ ዘመን እነሱም አንድ ገዙ። ታዲያ አንድ ደብዳቤ ለማውጣት አቃፊ ውስጥ አቃፊ፣ እሱም ውስጥ ሌላ አቃፊ መክፈት ግድ ነበር። ቬርና ተማረረች። አንድ ወረቀት ለማግኘት ይህን ሁሉ በር ማንኳኳት ካለብኝ የድሮው መሳቢያዬ ይሻለኛል አለች። አርቪድ ያን ክረምት በረዶ በሠራው የከተማችን ሐይቅ ላይ ዓሣ ማጥመዱን ትቶ ፕሮግራም መጻፍ ተማረ፤ በረዶው ሲቀልጥ አንድ ነገር ይዞ ብቅ አለ። ማውሱን ወደ ስክሪኑ አናት ስትወስደው ሜኑ ይወርዳል። ሜኑው ላይ ዘወትር የምትጠቀምባቸው ነገሮች ተደርድረዋል። አንዱን ስትመርጥ «ቅዳ»፣ «ክፈት»፣ «አጥፋ» የሚሉ ትእዛዞች አንዱ ከአንዱ ሥር ይመጣሉ። ከድስቱ ሥር የተፈለገውን ዝቆ ያወጣል ብሎ ስሙን «ጭልፋ» አለው።

ጭልፋን ለኮምፒውተር ክለባችን በነጻ ሰጠ። የምንሰበሰበው ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ነበር፤ ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ። የሜኑው የመጀመሪያ መስመር ሲነካ የአርቪድ ስምና የቤቱ ስልክ ይወጣል፤ ከሥሩ «ካስቸገራችሁ ደውሉልኝ» ይላል። ሰዉም ደወለ። የአንዱ ሜኑ ማንም ሳይነካው እየወረደ ያስቸግረው ነበር፤ አርቪድ ማውሱን ገልብጦ እንዲከፍተው አደረገ፣ ሆዱ ውስጥ ከምትሽከረከረው ኳስ ዙሪያ የድመት ፀጉር ተጠቅልሎ ተገኘ። የአንድ ጥርስ ሐኪም ሜኑ ደግሞ ፕሪንተሩ ሲበራ ድራሹ ይጠፋል፤ ሁለቱ ፕሮግራሞች በአንድ የማስታወሻ ቦታ እየተጣሉ ኖሯል። አርቪድ ለሁሉም «ቀስ ብለህ ንገረኝ፤ ከዚያ በፊት ምኑን ነክተህ ነበር?» ይላል። ቬርና እራቱን መልሳ ምድጃ ውስጥ ትከትተዋለች።

ከሁሉ የከፋውን ችግር ያገኘው የክለባችን አባል የሆነ የመጋዘን ሠራተኛ ነበር። የእሱ ማሽን ውስጥ ሰዓት የሚቆጥር ካርድ ተሰክቷል። ሰዓቱ ሜኑው አናት ላይ ሲወጣ ከሥሩ ያሉት ትእዛዞች ሁሉ ለዓይን አንድ መስመር ዝቅ ይላሉ፤ ፕሮግራሙ ግን በድሮው ቦታ ነው የሚቆጥረው። «ክፈት» አሁን የሚታየው ቀድሞ «አጥፋ» በነበረበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሰውዬው «ክፈት»ን ሲነካ ማሽኑ ምንም ሳይጠይቀው ፋይሉን አጠፋው። የአርቪድ የራሱ ማሽን ሰዓት ስላልነበረው ይህን አይቶት አያውቅም። ወዲያው አስተካከለው፣ ከማጥፋቱ በፊት «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ እንዲጠይቅም አደረገው። እነቬርና ቤት ጠረጴዛው ዙሪያ ተሰብስበን አዲሱን ዲስክ በፖስታ እያሸግን ጭልፋን ለወሰደ ሁሉ ላክን። ከእኛ ቀድተው ለወሰዱት ሌሎች ክለቦችም አሳወቅን። በቃ፣ ነገሩ አለቀ ብለን ነበር።

ከዓመት በላይ ቆይቶ የማናውቃቸው ሰዎች ይደውሉ ጀመር። ከቴክሳስ፣ ከኦሃዮ፣ ከየት ከየት። ይቆጣሉ፤ ገንዘብ ከፍለንበት ይላሉ። አርቪድ ምን እንደገዙ ሲጠይቃቸው «የጠረጴዛ ጌታ» የሚባል ፕሮግራም ነው ይሉታል። ሰምቶትም አያውቅም። ቬርና ወደ ገበያ አዳራሹ ሄዳ አንዱን ይዛ መጣች። ሣጥኑ ያብለጨልጫል፤ ላዩ ላይ ከረባት ያሰረ ሰው ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። ዲስኩን ማሽን ውስጥ ስንከተው ጭልፋ ወጣ። አናቱ ላይ ያለው ስም ብቻ ነው የተለወጠው። አርቪድ በስህተት የጻፋት ቃል እንኳ እዚያው ከነስህተቷ አለች። የመጀመሪያውን መስመር ነካነው፤ የአርቪድ ስልክ ብቅ አለ። የሰው ሥራ ሲወስዱ ቁጥሩን ለማጥፋት እንኳ አልተጨነቁም። ይባስ ብሎ ያተሙት አሮጌውን ነበር፣ ሰዓቱ የሚያሳስተውን።

«የጠረጴዛ ጌታ»ን የሚሸጠው ድርጅት ባለቤት ክሬግ ዶልማን የሚባል የሚኒያፖሊስ ሰው ነበር። አርቪድ ደውሎ የሰዓቱን ችግር አስረዳ፤ እንደውልልዎታለን አሉት። ደግሞ ደወለ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። እስከዚያው ለሚደውሉለት ሰዎች የተስተካከለውን ዲስክ በራሱ ወጪ ይልክ ነበር። አንድ ምሽት ቬርና መታገሥ አልቻለችም።

«ለሌባ አሽከር ሆነህ ልትቀር ነው?» አለችው።

«የማገለግለው ሌባውን አይደለም» አለ አርቪድ፣ «የደወለውን ሰው ነው።»

ከዚያ ሄልሚ ካንጋስ ደወሉ። ከእኛ በስተሰሜን ባለው የብረት ማዕድን አገር የሚኖሩ የሟች ማዕድን ቆፋሪ ሚስት ናቸው፤ ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ ተጠግቷል። ከፊንላንድ መጥተው በአካባቢያቸው የሰፈሩትን ሽማግሌዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ያናግራሉ፤ ስለ ድሮው የሠራተኞች አድማ፣ ስለ ማዕድኑ ጉድጓድ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ጓደኛ ስለበላው ውሃ። በቴፕ ይቀዱና ኮምፒውተር ላይ ይጽፉታል፤ ከጻፉ በኋላ በዚያው ቴፕ ላይ የሚቀጥለውን ሽማግሌ ይቀዳሉ። የወንድማቸው ልጅ ሥራ እንዲቀልላቸው ብሎ «የጠረጴዛ ጌታ»ን ገዝቶ ጫነላቸው። አንዱን ታሪክ «ክፈት» አሉት፤ ጠፋ። እጄ ስቶ ይሆናል ብለው ሌላውን ሞከሩ፤ እሱም ጠፋ። ሦስተኛውንም እንዲሁ።

መጀመሪያ የደወሉት ለድርጅቱ ነበር። የመለሱላቸው በእርስዎ ዕድሜ ማውሱን ወጣት ቢይዝልዎት ይሻላል ብለው ነው። ሄልሚም አምነው ራሳቸውን ሲረግሙ ሰነበቱ። አንጀቴን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። ፋይሉን ወሰዱባቸው፤ ቀጥለው ደግሞ በገዛ እጃቸው ላይ ያላቸውን እምነት ወሰዱባቸው።

አርቪድ ማሽኑን አጥፍተው ምንም እንዳይጽፉበት ነገራቸው። የጠፋ ፋይል ሌላ ነገር እላዩ ላይ እስኪጻፍበት ድረስ ዲስኩ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። በማግሥቱ እኔንም ይዞ በጭቃና በበረዶ መንገድ ነዳ። ሄልሚ የዓሣ ሾርባ ከጥቁር ዳቦ ጋር አቀረቡልን። አርቪድ ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ዲስኩን ቁራጭ በቁራጭ ያበጥር ነበር። ሁለቱ ታሪኮች ሙሉ በሙሉ ወጡ። ሦስተኛው ቶይቮ ራውቲዮ የሚባሉ፣ በገና ሰሞን የሞቱ ሽማግሌ የተናገሩት ነው። ጅምሩ ወጣ። መጨረሻ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ውሃው ሲገባ ወንድሜን በእጁ ይዤው ነበር፤ ከዚያ»። ቀጥሎ ያለው ሄልሚ ለልብስ ሰፊ የጻፉት ደብዳቤ ቁራጭ ነው፤ በታሪኩ ላይ ተጽፎበታል።

ሄልሚ መነጽራቸውን አወለቁ። «የቀረውን አስታውሰዋለሁ» አሉ። «ግን የቶይቮ ቃል አይሆንም።»

ስንመለስ አርቪድ እየነዳ «ስህተቱ የእኔ ነበር» አለ። «ግን አስተካክዬው ነበር።»

በዚያው ሰሞን ሚኒያፖሊስ ውስጥ የኮምፒውተር አውደ ርዕይ ነበር፤ እኔና አርቪድ ሄድን። ዶልማንም አዳራሹ ውስጥ መሸጫ ቦታ ይዟል፤ ሣጥኖቹን እንደ ግንብ ከምሯቸዋል። ገና ሠላሳውን ያልዘለለ፣ ቀልጠፍ ያለ ሰው ነው። አርቪድ ማንነቱን ሲነግረው ትከሻውን አቀፈው።

«አርቪድ፣ ወንድሜ፣ በነጻ የሰጠኸው ነገር እኮ ነው። ስርቆቱ የቱ ጋ ነው?»

«ለስርቆቱ አልመጣሁም» አለ አርቪድ። ዲስክ ከኪሱ አወጣ። «የተስተካከለው ይኸው። እሱንም በነጻ ውሰድ። ለገዙት ሁሉ ላክላቸው፣ እስኪደርሳቸውም ሰዓቱን እንዲያጠፉት ንገራቸው።»

ዶልማን ሳቀ። የሸጥኩልህ ዕቃ ብልሹ ነው ብዬ ለደንበኛ ልንገር እንዴ፣ ሰዓት ያለውስ ስንቱ ነው፣ በሚቀጥለው ዕትም እናየዋለን አለ። አርቪድ ስለ ሄልሚ ነገረው። ዶልማን ግንባሩን ቋጥሮ ጥቂት አሰበና አስታወሳቸው። «አሃ፣ አሮጊቷ» አለ። «ሥራችንን አስፈትታን ነበር። እንደዚያ ዓይነቱ ሰው መጀመሪያስ ኮምፒውተር ምን ያደርግለታል?» ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰው ነው።

አርቪድ ያን ጊዜ ነው የጮኸው።

«የሳተው የእሳቸው እጅ አይደለም! ፕሮግራሙ ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እያወቅህ የሸጥከው ግን አንተ ነህ።»

አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። አርቪድ ለማሳያ ወደተቀመጠው ማሽን ሄዶ ሰዓቱን አበራና ሣጥን በብብቷ የያዘች አንዲት ሴት ጠራ፤ የምትፈልገውን መርጣ «ክፈት»ን እንድትነካ በትሕትና ለመናት። ሴትዮዋ ነካች። ዶልማን ለገዢዎች የሚያሳየው ጽሑፍ በሰው ሁሉ ፊት ጠፋ። ሴትዮዋ ስክሪኑን አየች፣ ዶልማንን አየች፣ ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀምጣ ሄደች። ዘበኞች መጥተው የአርቪድን ክንድ ያዙ፤ ሳያስቸግር አብሯቸው ወጣ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቦርሳዬ ውስጥ የነበሩትን፣ የተስተካከለው ጭልፋ ያለባቸውን ዲስኮች ለወጪ ለገቢው አደልኩ፤ የቀረኝ ባዶ ቦርሳ ነው።

ዶልማን ተቀጣ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። አልተቀጣም። ያማከርነው ጠበቃ በነጻ የተበተነን ነገር ማስመለስ ከባድ ነው አለን። በመከር አዲሱ ዕትም ወጣ። አርቪድ ያስተካከለው ሁሉ፣ «እርግጠኛ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ሳይቀር፣ ገብቶበታል፤ የአርቪድ ስምና ስልክ ግን በዚህኛው ተፍቋል። አሮጌውን ለገዙት የተላከ አንድ ቃል የለም። የንግድ ሰዎች ማኅበር በዚያው ዓመት ለዶልማን ሽልማት ሰጠው፤ ፎቶውን ጋዜጣ ላይ አይቼ ቁርሴን ትቼ ተነሣሁ። የአርቪድ ስልክ መደወሉን እያቆመ መጣ።

ሄልሚ ግን አልተቀመጡም። የቶይቮን ሴት ልጅ አፈላልገው አገኟት፤ አባቷ ያንን ታሪክ ሲነግሯት ነው ያደገችው። ቀረጿትና የተቆረጠው ዓረፍተ ነገር ካበቃበት ገጹን ባዶ ትተው፣ በሚቀጥለው ገጽ ላይ እሷ የተናገረችውን በስሟ ጻፉ። ታሪኮቹ ታትመው በከተማቸው የሠራተኞች አዳራሽ በተነበቡበት ቀን እኔም፣ አርቪድና ቬርናም ሄድን። ሄልሚ እባዶው ገጽ ላይ ሲደርሱ መጽሐፉን ዝቅ አደረጉት።

«እዚህ ላይ ምን እንደነበረ ሰዎች ይጠይቁኛል» አሉ። «የጠፋው በእጄ መንቀጥቀጥ አይደለም። ችግሩን እያወቀ ዝም ያለ ሰው ነው ያጠፋው።» ቀጥለው የዶልማንን ስም ከነአባቱ፣ የድርጅቱንም ስም እየረገጡ ተናገሩ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ጆሮው ስለከበደው እንዲደግሙለት ጠየቃቸው። ደገሙለት።