የእንቅልፌ ደብተር

እኛ ልጅ የፈለግነው እንደ ሌላው ባልና ሚስት በዝምታ ሳይሆን ሐኪም ቤት ወረፋ ይዘን ነው። ከዓረብ አገር ስመለስ የጀመረኝ የአእምሮ ሕመም በመድኃኒት ረግቶልኝ ነበር። ደብረ ታቦር የምትከታተለኝ ነርስ ግን «ይኼ ኪኒን ለፅንስ አይሆንም። በገዛ እጅሽ እንዳታቋርጪው፤ በሌላ እንቀይርልሽና ስድስት ወር ደህና ከሆንሽ ታረግዣለሽ» አለችኝ። ወደ ባሌም ዞራ፣ ሕመሙ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠፋው እንቅልፍ ስለሆነ በየቀኑ እንዲመዘግብ ነገረችው።

ባሌ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ደብተር ገዛ፤ በማስመሪያ አሰመረው። ስንት ሰዓት እንደተኛሁ ይጽፋል፤ ሲከፋኝም ደስ ሲለኝም ይጽፋል። እኔ ሞኟ፣ እንዲህ የሚጠነቀቅ ባል ማን አላት እያልኩ እኮራበት ነበር። አምስት ወር በደህና አለፈ። ለሚመጣው ልጅ በልቤ ስም ማውጣት ሁሉ ጀምሬ ነበር።

ስድስተኛው ወር እንደሞላ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ያጋቡን ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። ባሌ እንደጠራቸው አላወቅኩም። ሊመርቁን የመጡ መስሎኝ ደስ እያለኝ ጠላ ቀዳሁላቸው።

ባሌ ደብተሩን አውጥቶ ያነብላቸው ጀመር። «ሁለት ሰዓት ብቻ ተኛች» አለ። ጉና ተራራ ሥር፣ እናቱ ቤት ያደርን ዕለት ነው፤ ብርዱ እሱንም አላስተኛውም። «ያለ ምክንያት ሳቀች» አለ። ያሳቀኝ ራሱ ነበር! ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይላሉ፤ የእኔ ጉድ ግን ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ገጽ ይገልጣል። ደሜ ፈላ፣ አፈርኩም። ብጮህ ያንንም ይጽፈዋል ብዬ ድምፄን ዋጥኩት።

«ምነው ልጄ፣ ይኼን ለኛ ማንበብህ ለምንድን ነው?» አሉት ትልቁ ሽማግሌ።

«የልጅ እናት አትሆንም፣ አባባ። በሰላም አለያዩን።»

ያን ጊዜ አፌን ከፈትኩ። «አባቴ፣ እኔን ይተዉኝ። ነርሷ ምን እንዳለች እሱን ይጠይቁልኝ።»

ሽማግሌው ዞረው አዩት። ባሌ አንገቱን ደፋ። መዋሸት አይችልበትም፤ የወደድኩትም ለዚሁ ነበር።

«ሐሙስ ብቻዬን ሄጄ ጠይቄያታለሁ» አለ። «ደህና ናት፣ ካሁን በኋላ ማርገዝ ትችላለች አለችኝ። የቸኮልኩትም ለዚህ ነው፤ ሳታረግዝ እንድንለያይ።»