ባዶው አረንጓዴ

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ተኩስ በተከፈተ ማግስት ቢሮ የገባነው ጥቂት ነበርን። እኔ በአንድ የጤና መሥሪያ ቤት የመረጃ ባለሙያ ነኝ። ከየጤና ጣቢያው የሚላከውን ሪፖርት ሰብስቤ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ስክሪን በካርታ አሳያለሁ። ቁጥር የሚያነብ ስለሌለ ቀለም እንዲናገር አድርገነዋል፤ ቁስለኛ የሌለበት ጣቢያ አረንጓዴ፣ ያለበት ቢጫ፣ ከአልጋው ቁጥር በላይ የመጣበት ቀይ ይሆናል። ችግሩ ኮምፒውተሩ ሪፖርት ያልላከውንም ጣቢያ ቁስለኛ እንደሌለበት ቆጥሮ አረንጓዴ መቀባቱ ነው። ለብቻው ጥቁር እናድርገው ብል አለቃዬ፣ «ጥቁር ሲበዛ ያልሠራን ያስመስለናል» ብሎ ከለከለኝ።

ያን ጠዋት ወደ አምበር ከተማ በሚወስደው መስመር ያሉት ጣቢያዎች ተራ በተራ ቀሉ። መሀላቸው አንዲት ብቻ አረንጓዴ ሆና ቀረች።

ጋቢያቸው በደም የራሰ አንድ ሽማግሌ በሩን ገፍተው ገቡ። መንገድ ላይ የወደቀ ቁስለኛ አዝለው ሆስፒታል አድርሰው ነው የመጡት። ልጃቸው በዚያ መስመር ባለች ጣቢያ ነርስ ናት፤ ስልኳ አይሠራም። የጣቢያዋን ስም ነግረውኝ አረንጓዴዋን በጣቴ አሳየኋቸው።

«አረንጓዴ ሰላም ነው አይደል?» አሉ።

«ሰላም ነው አባባ፣ ሄደው ይረፉ» አላቸው አለቃዬ ፈጠን ብሎ።

«አይደለም አባቴ» አልኩ። «ከትናንት ጀምሮ ከዚያ ምንም አልሰማንም ማለት ነው።»

ሁለታችንንም አዩን። ከዘራቸውን አንስተው ስክሪኑን ሰባበሩት። መስታወቱ ላያችን ላይ ዘነበ። አለቃዬ አንገታቸውን አንቆ በጥፊ መታቸው፤ አፋቸው ደማ። ልገላግል ስገባ በክርኑ አፍንጫዬን አለኝ። እየተናነቅን ሳለ ጥይት መስኮቱን በስቶ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ተቀበረ። ሦስታችንም ወለሉ ላይ ተደፋን። አለቃዬ ሽማግሌው ላይ ወድቆ፣ ኮሌታቸውን አልለቀቀም። «ልጆቼ ትምህርት ቤት ናቸው» ይላል ደጋግሞ።

ተኩሱ ጋብ ሲል ተነሥቼ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ኮምፒውተር ከፈትኩ። ሪፖርቱ ባዶ የሆነው ጣቢያ ሁሉ ጥቁር እንዲሆን አዘዝኩት። ከካርታው አረንጓዴ ግማሹ ጠቆረ። አለቃዬ ፀጉሩ ውስጥ መስታወት እንደተሰካ ከኋላዬ ቆሞ አየ። ደምቶ የተቀመጠውን ሽማግሌም አየ።

«አምቡላንሱን ጥራው» አለኝ። «እኔም እሄዳለሁ።»

ሽማግሌውን አሳፍሮ ሄደ። መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ስለነበር ድልድዩን አላለፉም። እዚያ ቆመው ሳለ ገበሬዎች ነርሷን በቃሬዛ ተሸክመው ደረሱ። ጣቢያው ተቃጥሏል፤ እሷ ጉልበቷ ላይ ተመትታለች፤ ቁስሏን በነጠላዋ አስራ ነው የቆየችው።

ሆስፒታል እግሯ ተቆርጦ ነፍሷ ተረፈ። ስትነቃ አባቷ እጇን ይዘው ነበር፤ እኔና አለቃዬ ከእግርጌ ቆመናል።

«ያቺ ወላድስ?» አለች። ተኩሱ ሲገባ ስታዋልድ ነበር። ገበሬዎቹ እናቲቱን ከነልጇ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቀብረው እንደመጡ ለሁላችንም ነግረውናል። አባቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አለቃዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነገራት።

የግሉኮሱን ቱቦ ከክንዷ መንጭቃ ጮኸች። ደረቱን በቡጢ ደበደበችው። እስክትደክም ድረስ ከተቀመጠበት አልተነሣም።