የወፍጮ ወቃሪው የያረጋል ነገር

የመንደራችን የኮኪት አፈር ዋልካ ነው። ድንጋይ የሚባል አይገኝበትም። ስለዚህ የእጅ ወፍጮ ከጭልጋ በአህያ ይመጣል፤ እናት ለልጇ ታወርሰዋለች። ሲሟልጥ ያረጋል ይጠራል። በሹል ብረት ወቅሮ እንደገና ያሻክረዋል። በመንደሩ እጁ ያላረፈበት ወፍጮ ስላልነበረ፣ እንጀራችን ውስጥ ጠጠር በተገኘ ቁጥር የምናማው እሱን ነበር።

በ1930 ዓ.ም. ጣልያን መንገዱን ሲሠራ ነጋዴው ኢሳ የሞተር ወፍጮ አስተከለ። ሴቶቹ ተገላገሉ። ማን ይፈርድባቸዋል? ከጎህ በፊት ተንበርክኮ ማሽላ መፍጨት ምን እንደሆነ እኛ ወንዶች የምናውቀው በወሬ ነው። ቂልነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መንገድ ሠሪዎቹ ድንጋይ ላመጣ ሳሙና፣ ጣሳና ፋኖስ እንሰጣለን አሉ። ወፍጮው ከየቤቱ ተግዞ ወጣ። እኔም የእናቴን በሁለት ሳሙና ሰጠሁ፤ ሳሙናው ወር አልቆየም፤ ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። ድንጋዩን ለመንገዱ ጠጠር የሚፈልጥ ሰው ሲፈለግ ሥራ የፈታው ያረጋል ተገኘ። የወቀረውን ሁሉ በገዛ እጁ በመዶሻ ከሰከሰው።

የሚስቱ የአሰበች ወፍጮ ብቻ ቀረ። አንድ ቀን እሷ ኢሳ ዘንድ ለማስፈጨት ተሰልፋ ሳለ፣ ያረጋል እሱንም በፋኖስ ለወጠው። ዱቄቷን ተሸክማ ስትመለስ ባዶውን ቦታ አየች፤ ጠረገችው። የፋኖሱ መስተዋት በሁለተኛው ወር ተሰበረ፤ ምትክም አልተገኘለትም።

በ1933 ጥቅምት መጨረሻ ድንበሩ ማዶ ገላባት ላይ ጦርነት ተነሣ። ናፍጣው ለካሚዮን ብቻ ሆነ፤ የኢሳ ሞተር ቆመ። የቆጡን አወርድ ብለን የብብታችንን ጥለን ቀረን። ወደ ጭልጋ ተሂዶ ወፍጮ እንዳይመጣ መንገዱን ወታደር ዘጋው። ማሽላ በየጎተራው ሞልቶ መንደሩ ንፍሮ በላ።

ንፍሮ ጥርስ ላለው ነው። አሰበች ጥርስ አልነበራትም፤ በዚያ ላይ ንዳድ ጣላት። ከቀጭን አጥሚት በቀር የሚወርድላት ነገር አልነበረም። ያረጋል በሙቀጫ ወቀጠላት፤ ሻካራው ጉሮሮዋን እየያዘ አስመለሳት። በወንፊት ቢነፋውም የሚያልፈው ጭብጥ አይሞላም። ሰውነቷ በየቀኑ እያለቀ ሄደ።

ጥር ላይ ጣልያን ሲሸሽ ያረጋል ዶማ ይዞ መንገዱ ላይ ወጣ። ሦስት ቀን ቆፈረ። አበደ አልን። በሦስተኛው ቀን መዳፍ የምታህል ስባሪ ይዞ ገባ፤ በአሰበች ወፍጮ ላይ የተወውን የወቀራ ምልክት ለይቶ ነበር። ከአልጋዋ አጠገብ ተቀመጠና ጥቂት ማሽላ ስባሪዋ ላይ በትኖ፣ ያንኑ መዶሻ እንደ መጅ ይዞ ይፈጭ ጀመር።

አሰበች ድንጋዩን አየችው።

«የእናቴ ናት?»

«እሷው ናት።»

«ታዲያ የቀረውን የት ጣልኸው?» አለችው።

መፍጨቱን ቀጠለ። እስኪመሽ የፈጨው አንድ ማንኪያ አልሞላም። በማግስቱ አረፈች።

የገደላት ንዳዱ ነው ብለን አጽናናነው፤ እውነትም ይሆናል። እንደ ደንቡ ለለቅሶው ንፍሮ ቀቅለን ሄድን፤ ከሁለት ወር በላይ ስንበላው የከረምነውን ያንኑ ማሽላ። ያረጋል ድርሻውን አልቀመሰም። ፍሬውን እያነሣ ስባሪዋ ላይ በመዶሻው ይፈጨው ነበር። የተቀቀለ ስለሆነ ዱቄት አልወጣውም።