ጤፍ የምታህል ነጥብ

ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከጅቡቲ በተመለሰ ቁጥር ሰመራ ቤታችን ደጃፍ ላይ ይቀመጥና ፊቱን ወደ ላይ ያቀናል፤ እኔ በጆግ ውሃ ይዤ የመንገዱን አቧራ ከዓይኑ አጥባለሁ። ከሞተ በኋላ ጆጉን ከደጃፉ ለማንሳት ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል።

ነጥቧን ያየኋት እንደዚያ ሳጥበው ነው። በግራ ዓይኑ ነጭ ላይ፣ ቡናማ፣ ጤፍ የምታህል። አቧራ መስላኝ በጣቴ ጫፍ ነካኋት፤ አልለቀቀችም።

"ምን አለ?" አለኝ።

"ምንም። እኔም አለኝ" ብዬ የታችኛውን የዓይኔን ቆብ ስቤ አሳየሁት። በሁለቱም ዓይኖቼ ነጭ ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ ቡናማ ጥላ አለ።

"አጋባሽብኝ በይኛ" ብሎ ሳቀ።

በተመለሰ ቁጥር አየኋት። ጤፏ ተልባ አከለች። አንድ ቀጭን ቀይ የደም ሥር ወደ እሷ መጣ። ሎጊያ ጋራዥ ያሉ ጓደኞቹ "ወንድሜ፣ ዓይንህ ዘይት እያፈሰሰ ነው፤ ማሸጊያ ጓርኒሲዮኑን ቀይር" እያሉ ቀለዱበት። ጥቁር መነጽር ገዛ። እኔ አጠብኩ፤ የእኔ ምንም አላደረገኝምና ዝም አልኩ።

ምስር ስታክል ፈራሁ። አዋሽ ሰባት ኪሎ የዓይን ሐኪም አለ ሲሉን አብረን ሄድን። ሐኪሙ የሁለታችንንም ዓይን በመብራት አየ።

"የእርስዎ በጠይም ሰው ላይ የተለመደ ነው" አለኝ። "በሁለቱም ዓይን ላይ ሆኖ ሳይለወጥ ይኖራል፤ ሕክምና አይፈልግም።" ወደ ባለቤቴ ዞረ። "የእርስዎ ግን በአንዱ ዓይን ብቻ ነው፤ አድጓል፤ ደም ሥርም ስቧል። አዲስ አበባ ተቆርጦ መመርመር አለበት። ከታየ ስንት ጊዜው ነው?"

ባለቤቴ ወደ እኔ ተመለከተ።

"ሁለት ዓመት" አልኩ።

ሐኪሙ ወደ አዲስ አበባ የሚልክበትን ወረቀት መጻፍ ጀመረ።

አዲስ አበባ ቆርጠው አወጡለት፤ ቦታውንም በሚያቀዘቅዝ መሣሪያ አከሙት። ካንሰር ነው፣ ክፉ ዓይነት፤ ወደ ሌላ ቦታ ሊዛመት ይችላልና እየተመላለስክ ታይ አሉት። የዓይኑ ነጭ ጠራ። እንደገና መሪውን ያዘ።

ከወራት በኋላ ደጃፉ ላይ ሳጥበው ከጆሮው ፊት፣ ከቆዳው ሥር፣ አንዲት ጠጠር እጄን ነካችው። ደግሜ ዳሰስኳት። አልለቀቀችም።

"ምን አለ?" አለኝ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ።

"ቁጭ በል፣ ገና አልጨረስኩም" አልኩትና ገና ግማሽ ውሃ ያለውን ጆግ ይዤ ውሃ ልጨምር ብዬ ወደ ውስጥ ገባሁ።