ትርፌ የባሕሩን ጭቃ በሎሚ አጠበች

አሁን ነው እየሮጥኩ የገባሁት፤ ሳልረሳው ልጻፈው። ዶክተር በድሉ የላቦራቶሪው በር ላይ ቆሞ፣ "መቅዲ፣ ያ ጭቃ ሲታጠብ አብረሽ ነበርሽ?" አለኝ። "አክስቴን ይጠይቋት" ብዬ አመለጥኩ።

አክስቴ ትርፌ ናት፣ የገሱባ ልጅ። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ ዱቦ ሄዳ የሰው አንሶላ ስታጥብ ኖረች፤ ከዚያ ሶዶ መጥታ የጂኦሎጂ ላቦራቶሪ ጽዳት ሠራተኛ ሆነች፤ እኔም እዚያው አግዛታለሁ። ነጭ ጋውን ከሰጧት በኋላ ግን አላስቀምጥ አለችን። ጋውኑን ለብሳ ገበያ ትወጣለች። ጎመን የምትሸጥን ሴትዮ "እኔ የሳይንስ ሰው ነኝ፣ አታታልይኝ" ስትላት፣ ሴትዮዋ "የሳይንስ ጎመን የለኝም፣ እመቤት" አለቻት።

ዶክተሩም ከእሷ አይሻልም። ከአዲስ አበባ ተመድቦ ስለመጣ እኛን እንደ ሰው አያየንም። ጓደኛው ከሕንድ ውቅያኖስ ወለል የተቆፈረ ጭቃ ላከለት። ውስጡ በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን ዛጎሎች አሉ አለን፤ ኖራ ናቸው፣ በውስጣቸው የኖሩት እንስሶች ሞተው ባሕሩ ሥር የተደራረቡ ናቸው፣ ባሕሩ ድሮ ይሙቅ ይቀዝቅዝ በእነሱ ይታወቃል። ይሄን ሁሉ ለፍልፎ፣ "በወንፊት እጠቢው" ብሎ ለትርፌ ሰጣትና ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ታላቅ ምሁር።

ጭቃው ይገማል። ትርፌ አፍንጫዋን ያዘች። "እንዲህ እየሸተተ ለዶክተር አልሰጥም" ብላ እንደ ዶሮ በሎሚና በጨው አሸችው። አረፋ ሲያወጣ ደስ አላት። "አየሽ? ቆሻሻው ሲወጣ።"

ዛሬ ዶክተሩ በማይክሮስኮፕ ቢያይ አንድም ዛጎል የለም። ያዝናል ስል ጭራሽ ፈነጠዘ። ተማሪዎቹን ሰብስቦ፣ "ባሕሩ ያኔ አሲድ ሆኖ ነበር ማለት ነው። አሲድ ኖራ ይበላል፣ ልክ እንደ ሎሚ" አለ። ሎሚ ሲል ወደ በሩ አፈገፈግኩ። ነገ ጠዋት ይሄንኑ ለእንግዶች ሊያወራ ነው። አንዱ ተማሪ ግን፣ "ሲታጠብ የነካው ነገር ይኖር ይሆን?" ብሎ ጠየቀ። ለዚህ ነው ዶክተሩ በር ላይ የያዘኝ።

ቤት ገብቼ ለትርፌ ነገርኳት። ጋውኗን እየተኮሰች ነበር፣ ቀና እንኳን አላለችም።

"አፍሽን ያዢ" አለችኝ። "እሱ ደስ ብሎታል። ባሕሩ እንደሆነ አይከሰን።"

ብናገር ከሥራ ያባርሯታል፤ እኔም የምኖረው እሷ ቤት ነው። ዝም ብል ያ ሞኝ ዶክተር እንግዶቹ ፊት ቆሞ የአክስቴን ሎሚ የባሕር ታሪክ ነው ብሎ ያወራል። ነገ ሲጠይቀኝ ምን እንደምለው አላውቅም።